አሸዋውን የሚሻገረው ሽማግሌ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን
የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምህርት ሳሕራ
ዋሂል

ጤናሽ እንዴት ነው? ጾሙስ እንዴት ይዞሻል? እኔ ከሙቀቱና ከትምህርት ቢሮው ሰዎች በቀር የሚያስቸግረኝ የለም።

ለምን እንደማልደውል ጠይቀሻል። ባለፈው ሳምንት ደውዬ የቲያትሩን አካሄድ ሳስረዳሽ ሦስት ጊዜ ተቋረጠ፤ በአራተኛው «እሺ ጋሽ ዕዝራ፣ ገባኝ» ብለሽ ዘጋሽው። ምን እንደገባሽ እስከ ዛሬ አላውቅም። ኮሌጅ ሳስተምርሽም «ገባኝ» ማለት ትወጂ ነበር። ስለዚህ እጽፋለሁ። ጦልሃ በየቀኑ ሚኒባሱን ይዞ ከድሬ ዋሂል ይመላለሳል፤ አንድ ፖስታ መያዝ አያቅተውም። ጫት ከሚያስቀምጥበት ቦታ እንዳያስቀምጠው ብቻ ንገሪልኝ። ያለፈው ደብዳቤሽ እርጥብ ሆኖ ነው የደረሰኝ፤ ግማሹን ያነበብኩት በግምት ነው።

እንግዲህ ከመጀመሪያው። ቲያትሩ ሃያ ደቂቃ ነው። አንድ ሽማግሌ የልጅ ልጁን ይዞ ደረቅ ወንዝ፣ እናንተ አሸዋ የምትሉትን፣ ሊሻገር ይመጣል። የልጁ እናት «ተራራው ላይ ዘንቧል፣ አትሻገሩ» ትላለች። ሽማግሌው «ሰማዩን እዪ። አንድ ደመና አለ? ይህን አሸዋ አንቺ ሳትወለጂ አውቀዋለሁ» ይላል። እግሩን ያነሳል። እዚህ ላይ ሁሉም ባለበት ይቆማል። ከሚያዩት ልጆች አንዱ ካላስቆመው ይሻገራል፣ ጎርፉ ይመጣል፣ ያልቃል። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው፣ አንድ ልጅ እስኪያስቆመው ድረስ። ያስቆመው ልጅ ወደ መድረኩ ወጥቶ ሽማግሌውን በራሱ ቃል ይከራከረዋል። ሽማግሌው በቀላሉ አይረታም። ቁም ነገሩ ይኸው ነው፤ ልጆቹ ምክር ሰምተው ወደ ቤት እንዲሄዱ አይደለም፣ ራሳቸው እንዲከራከሩ ነው።

ለምን እናንተ ዘንድ እንደሚጀመር ታውቂያለሽ። ባለፈው ክረምት ከትምህርት ቤታችሁ አንድ ልጅ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ሲሻገር ውኃ እንደወሰደው የቢሮው ሪፖርት ላይ አንድ መስመር አለ። ቲያትሩን የጻፍኩት ከዚያች መስመር ነው። ትምህርት ቤታችሁ ከአሸዋው ማዶ እስካለ ድረስ ያ ሁሉ ልጅ በቀን ሁለት ጊዜ ይሻገረዋል።

የቢሮው ሰዎች ግንቦት 7 መጥተው ያያሉ። ከተስማሙ ከክረምቱ በፊት በሌሎች አሥራ ሁለት ትምህርት ቤቶች ይታያል። ካልተስማሙ እንደ አምናው በራሪ ወረቀት ያሳትማሉ። በራሪ ወረቀት ጎርፍ ሲመልስ አላየሁም።

ዕዝራ ዓብዩ

*

ዋሂል
መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ዕዝራ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ፖስታህ ደረቅ ሆኖ ደርሷል። ጦልሃ ሸሚዙ ውስጥ ነው የያዘው፤ ፈርቶሃል።

ሽማግሌውን ርእሰ መምህራችን ጋሽ ሰማታር ይሠራል፣ እናትየውን እኔ። የጋሽ ሰማታር ጢም እውነተኛ ስለሆነ ለጢም አትጨነቅ። ረመዳን ስለሆነ የምንለማመደው ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው፤ ከቀትር በኋላ ልጆቹ ይደክማሉ፣ እኔም እደክማለሁ።

ማጨብጨቡ አልሠራም። «ማስቆም የፈለገ ልጅ አንድ ጊዜ ያጨብጭብ» ብለህ የቲያትሩ ጽሑፍ ላይ ጽፈሃል። ጋሽ ሰማታር እግሩን እንዳነሳ ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ። ደስ አለን። «ለምን አስቆማችሁት?» አልኳቸው። «አላስቆምነውም፣ ጎበዝ ስለሆነ ነው» አሉ። እዚህ ልጅ መልስ ሲያገኝ እናጨበጭብለታለን፤ ሌላ ትርጉም አያውቁለትም። ሽማግሌው ጎርፍ ሊገባ ሲል ያመሰገንነው እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ሌላ ምልክት ስጠን።

ልጁ ስንተኛ ክፍል ነበር ብለህ በጦልሃ ላስጠየቅከኝ፣ ሦስተኛ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሽማግሌውን ሌላ ሰው ብናደርገውስ? ሾፌር፣ ወይም ነጋዴ?

ሳሕራ

*

ድሬዳዋ
መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሳሕራ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ተናደድኩ፤ በሁለተኛው ያናደደኝ ራሴ መሆኔ ገባኝ። ሠላሳ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ቆይቼ ጭብጨባ በየክፍሉ ምን ማለት እንደሆነ ሳልጠይቅ ጽፌያለሁ። ማስቆም የፈለገ ልጅ ይነሳ። መነሳት መነሳት ነው፤ ይህንም እንደ ምስጋና የሚቆጥር አገር ካለ ንገሪኝ።

ሽማግሌውን ሌላ ሰው አላደርገውም። ለምን እንደጠየቅሽ አልገባኝም፣ ምክንያትም አልጻፍሽም። ነጋዴ ከሆነ ልጆቹ ስለ ንግድ ይከራከራሉ። ሾፌር ከሆነ ጦልሃን አይተው ይስቃሉ። ሽማግሌው የዚያው ቦታ ሰው መሆን አለበት፤ የሚከበር፣ አሸዋውን ዕድሜውን ሙሉ የተሻገረ። ውኃ የሚወስደው አሸዋውን የሚያውቀውን ሰው ነው። የማያውቅማ ይጠይቃል።

ደግሞ ግንቦት ላይ ከሚመጡት ሰዎች አንደኛው የድሬ ሰው አይደለም። እኔን «አንተ» ስትዪኝ እንደኖርሽ እሱን እንዳትዪው፤ ይደነግጣል። ለሱ «እርስዎ» በዪ። ለልጆቹም ንገሪ።

ዕዝራ

*

ዋሂል
መጋቢት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ዕዝራ፣

ዒድ በሰላም አለፈ። «የላክሽልን ሐልዋ ደርሶናል» ብለህ ለባለቤትህ ንገርልኝ፤ ካንተ እንዳልሆነ አውቀናል።

«ስንት ልጅ ተነሳ?» ብለህ በጦልሃ በቃል የላክኸውን ጥያቄ በጽሑፍ እመልሳለሁ። ማንም። አራት ቀን ሠራነው፣ ሽማግሌው አራት ቀን ጎርፍ ገባ። ልጆቹ ዝም ብለው ያያሉ። ጋሽ ሰማታር እግሩን አንስቶ መቆም ሰልችቶታል፤ «ጉልበቴን ለመንግሥት ነው የሰጠሁት» ይላል።

አንተ ብትመጣ ሳይሻል አይቀርም። ግን ስትመጣ አትቆጣ።

ሳሕራ

*

ድሬዳዋ
ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሳሕራ፣

ከትናንት ወዲያ እናንተ ዘንድ መጥቼ ስለሆነው ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይቅርታ የምጠይቀው ስለ አንድ ቃል ነው፤ ስለ ሌላው አልጠይቅም።

ሌላው ይኸው ነው። ሰማታር ለልጆቹ መልስ አስጠንቷቸዋል። እንደምመጣ አውቆ፣ ሊያስደስተኝ። «ልጆች፣ ሽማግሌውን ምን እንበለው?» ሲል አርባ ልጅ በአንድ ድምፅ «አይሻገሩ!» አለ፤ አንዳንዶቹ ጥያቄው ሳያልቅ። አንዱ እንዲያውም ቲያትሩ ሳይጀመር ብሎታል። እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ። ይህ መከራከር አይደለም። ጎርፍ አጠገብ የቆመ አያቱን በአርባ ድምፅ የሚያስቆም ልጅ የለም፤ እዚያ ሲደርስ ብቻውን ነው። የተጠናውን መልስ አስቀርቼ እንደገና ሳስጀምረው ደግሞ ጸጥ። ሦስት ጊዜ። ሽማግሌው ሦስት ጊዜ ሞተ፣ አንድም ልጅ አልተነሳ።

በሦስተኛው ረድፍ መስኮቱ ሥር የተቀመጠችው ልጅ ግን ሰማታርን አታይም ነበር፤ እኔን ነበር የምታየው። «አንቺ፣ ለምን አትነሺም?» አልኳት። አንገቷን ደፋች። ያን ጊዜ ነው ክፍሉን «ድንጋይ» ያልኩት። አንቺም መዝገቡን ከደንሽ፣ ልጆቹን ይዘሽ ወጣሽ፤ እኔን ከጥቁር ሰሌዳው ጋር ተውሽኝ። ትክክል ነሽ። ቃሉ ይቅር ይባልልኝ።

ግን ምክንያቱን ልወቅ። ፍርሃት ነው? ቋንቋው ነው? የማውቀው ነገር ቢኖር አንቺ የምታውቂውን አልነገርሽኝም። በመስመሮችሽ መሀል ይታየኛል።

ዕዝራ

*

ዋሂል
ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ዕዝራ፣

ይቅርታህን ለልጆቹ አንብቤላቸዋለሁ። «ድንጋይ» የሚለውን ዘልዬዋለሁ፤ እነሱ አልዘለሉትም።

ለምን አልነገርሽኝም ብለሃል። አንተ የጠየቅከኝ ስንተኛ ክፍል እንደነበር ነው። የማን ልጅ እንደነበር አልጠየቅከኝም።

ነጅሙዲን ይባላል። መስኮቱ ሥር የተቀመጠችው ልጅ ኢዲል እህቱ ናት፤ አራተኛ ክፍል ናት። አብሮት ሲሻገር የነበረው ሽማግሌ አያታቸው ነው፤ ለክብሩ «አው» የምንለው አው ዐብዲቃድር። እጁን ይዞት ነበር። ውኃው ሽማግሌውን ወደ ዳር ጣለው፣ ልጁን ወሰደው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አው ዐብዲቃድር ጠዋትም ከሰዓትም አሸዋው ዳር ይቆምና ትንንሾቹን እጃቸውን እየያዘ ያሻግራቸዋል። አይናገርም። የአንደኛ ክፍል ልጆች ሁሉ በሱ እጅ ነው ትምህርት ቤት የገቡት። ቲያትሩን ግንቦት ላይ ስናሳይ ደግሞ ፊት የሚቀመጠው እሱ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ይመጣል።

አንተ ሪፖርቱ ላይ አንድ መስመር አነበብክ። ልጆቹ ግን ጋሽ ሰማታር እግሩን ባነሳ ቁጥር የሚያዩት ማንን እንደሆነ አሁን ታውቃለህ። መነሳት ማለት እሱን በሰው ፊት «አንተ ነህ» ማለት ነው። አልነሱም። እኔ ብሆንም አልነሳም።

አሁን ጥሩውን ልንገርህ። አንተ ከሄድክ በኋላ በማግስቱ ኢዲል እጇን አወጣች። ከመስከረም ወዲህ እጇን ስታወጣ የመጀመሪያዋ ነው። «ሽማግሌው እንግዳ ቢሆንስ?» አለች። «ከሩቅ የመጣ። ለእንግዳ መንገድ ማሳየት ነውር አይደለም።» እሺ ብለን ጋሽ ሰማታርን በበሩ አስወጥተን እንደ እንግዳ አስገባነው። ገና እግሩን ሳያነሳ አሥራ ዘጠኝ ልጅ ተነሳ። በሶማልኛም በኦሮምኛም ነው የተከራከሩት፣ ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ፦

«እንግዳ፣ ከየት መጣህ?»
«ከሩቅ።»
«እሱማ ያስታውቃል። የኛ ሰው በዚህ ሰዓት አይሻገርም።»
«ሰማዩ ንጹሕ ነው።»
«ውኃው ከሰማይ አይመጣም፣ ከተራራው ነው የሚመጣው። አገርህ ተራራ የለም?»
«እቸኩላለሁ።»
«መሄድህ ካልቀረ ሰዓትህን ስጠኝና ሂድ።»

ጋሽ ሰማታር ሳቀና ቲያትሩ ተቋረጠ። በሁለተኛው ግን አልሳቀም፤ ሩብ ሰዓት ተከራክረው ረቱት። እንዲህ ነው የምንሠራው።

ለፋሲካ በሰላም ያድርስህ።

ሳሕራ

*

ድሬዳዋ
ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሳሕራ፣

በሰላም ውለናል። ስለ ልጁና ስለ አያቱ የጻፍሽውን አንብቤያለሁ። አዝናለሁ። ይህን ከየካቲት ጀምሮ ማወቅ ነበረብኝ፤ አለመጠየቄ የኔ ጥፋት ነው፣ አለመንገርሽ ደግሞ ያንቺ። አንዱ ሌላውን አያነሳልንም።

«እንዲህ ነው የምንሠራው» ላልሽው ግን መልሴ አይሆንም ነው።

እንግዳን ማስጠንቀቅ ቀላል ነው። እንግዳ ምንም አያውቅም፣ ምንም አይደለም፣ ነገ ይሄዳል። ልጆቹ በሐምሌ አሸዋው ዳር የሚያገኙት ሰው ግን እንግዳ አይደለም፤ አያታቸው ነው፣ አጎታቸው ነው፣ «አውቀዋለሁ» የሚል ሰው ነው። አስቸጋሪውን አውጥታችሁ ቀላሉን ተለማመዳችሁ። አሥራ ዘጠኝ ልጅ የተነሳው ለዚህ ነው። ለሽማግሌው ማዘን አንድ ነገር ነው፤ በማዘን ምክንያት ሌላ ልጅ ማጣት ሌላ ነው።

ሽማግሌው ወደ ቦታው ይመለስ። ጢሙን ላጩለት፣ ስሙን ቀይሩት፣ ሌላ መንደር አድርጉት፤ የአካባቢው ሰው ግን ይሁን። ካልሆነ ስሜን ከጽሑፉ ላይ አንሺ።

ዕዝራ

*

ዋሂል
ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ዕዝራ፣

ስምህን አንስቻለሁ። ሐሙስ እንሠራዋለን፣ በዘጠኝ ሰዓት።

በጦልሃ አስጠይቀኸኝ ስለነበር፦ አዎ፣ አው ዐብዲቃድር ይመጣል። ኢዲል ራሷ ጠርታዋለች። «እንግዳው ሲመጣ አብረኸኝ ትቆማለህ» ብላዋለች። ከሱ ጋር አሸዋው ዳር ሆነው እናንተን ይቀበላሉ።

እንግዶቹን በጠዋት አምጣቸው፤ እዚሁ ቆይተው ያያሉ። ተራራው ላይ መዝነብ ጀምሯል፣ ከቀትር በኋላ አሸዋው አይታመንም። ይህን ላንተ መጻፌ ያሳፍረኛል፣ ግን እጽፈዋለሁ።

ተቆጥተህም ቢሆን ና።

ሳሕራ

*

ከአሸዋው ወዲህ፣ መንገድ ዳር
ሐሙስ፣ ግንቦት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከቀኑ አሥር ሰዓት

ሳሕራ፣

ሰላምታው ይቅር። ከማዶ እጅሽን እያወዛወዝሽ የጠየቅሽው ደህና መሆናችንን ከሆነ፣ አራታችንም ደህና ነን። ሚኒባሱም ደህና ነው። ይህን ከቢሮዋ ሴትዮ ለምኜ ባገኘሁት ወረቀት እየጻፍኩ ነው፤ ውኃው ሲጎድል መጀመሪያ ለሚሻገር ሰው እሰጠዋለሁ።

በጠዋት ብለሽ ነበር። በሁለት ሰዓት ቢሯቸው በር ላይ ነበርኩ። ሰውዬው ስብሰባ ነበረው፣ ሴትዮዋ ሰውዬውን ትጠብቅ ነበር። ከዚያ ምሳ ሆነ። ከድሬ ስንወጣ ሰባት ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር፣ አሸዋው ጋ ስንደርስ ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ። እዚህ ጦልሃ ሞተሩን አጠፋ።

«ጋሽ ዕዝራ፣ የረጠበ አፈር ይሸተኛል» አለ።

«የሚሸትህ የራስህ ጫት ነው» አልኩት።

«አቦ ትንሽ እንቆይ።»

ይህን አሸዋ አንተ ሳትወለድ አውቀዋለሁ አልኩት። አልነዳም። ወረድኩና በመስኮቱ በኩል ጣቴን ወደ ላይ ቀስሬ «ሰማዩን እይ። አንድ ደመና አለ?» አልኩት። ገጽ ሦስት ላይ እንዳለው፣ አንድ ቃል ሳላጎድል። ስናገረው አላወቅኩትም።

ጦልሃ አሁንም አልነዳም። እንግዲያውስ በእግሬ እየመራሁ አሳይሃለሁ ብዬ ወደ አሸዋው ወረድኩ።

ኢዲል ከማዶ ቆማ ነበር፣ አያቷ ከጎኗ። ተጣራች።

«እንግዳ። ከየት መጣህ?»

በአማርኛ ነው፤ እኔ በጻፍኩት ዓይነት አማርኛ። «ከሳቢያን። ታውቂኛለሽ» አልኳት።

«አላውቅህም። እንግዳ ነህ። አሸዋው ዛሬ መንገድ አይደለም።»

«ዝም በዪ አንቺ ልጅ። ይህን ቲያትሩ ላይ ትይዋለሽ፤ ገና አልተጀመረም።»

«ተጀምሯል» አለች።

አምስት እርምጃ ያህል ሄድኩ። ልጅቷ አልተንቀሳቀሰችም፣ ድምጿንም አላነሳችም፤ «እንግዳ፣ ተራራው ላይ ዘንቧል» ትላለች፣ መልሳ መላልሳ፣ እየተከራከረች። ያን ጊዜ ሽማግሌው ጎንበስ አለና ዱላውን መንገዱ ላይ አጋደመው፣ እንደ በር መወርወሪያ። ቀና ብሎ አየኝ። አምኜ አይደለም የቆምኩት፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲያዩኝ እግሬ እንደተነሳ ቀረ። ከኋላዬ ከባድ መኪና የመጣ መስሎኝ ወደ መንገዱ ዞርኩ። መኪና አልነበረም፤ የጎርፉ ድምፅ ነበር። ጦልሃ አንገትጌዬን ይዞ ጎተተኝ፣ ሸሚዜ እስከ ወገቤ ተቀደደ። የቆምኩበት ቦታ አሁን አይታይም።

የቢሮው ሰውዬ ከሚኒባሱ አንገቱን አውጥቶ «ይህም የቲያትሩ ክፍል ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሴትዮዋ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች፤ በአሥራ ሁለቱም ትምህርት ቤቶች እንዲቀጥል ትጠይቃለች። ቲያትሩን ሳታይ። ያላዩትን የሚያጸድቁ ሰዎች ያናድዱኛል፣ ዛሬም ተናድጃለሁ።

ያለ እኔ ጀምራችኋል። ትክክል ነው፣ ሰዓቱ ደርሷል። ድምፃችሁ በውኃው ላይ እዚህ ድረስ ይሰማል። እስካሁን ሰባት ጊዜ ቆሟል፤ እየቆጠርኩ ነው። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ሳቀ። ሰማታር ምን እያደረገ ነው? ጽሑፉ ላይ የሚያስቅ ነገር የለም።

እንግዳን ማስጠንቀቅ ቀላል ነው ብዬሽ ነበር። ቀላል አይደለም። ጮኼባታለሁ፣ ዝም በዪ ብያታለሁ፣ አልተነቃነቀችም። ስለ ሚያዝያው ቃል ለኢዲል ራሴ እነግራታለሁ፣ በክፍሉ ፊት። ለአያቷ ግን ምን እንደምል አላውቅም። የምታውቂ ከሆነ ጻፊልኝ።

ጽሑፉን ከማባዛትሽ በፊት አንድ እርማት። ገጽ አንድ፣ የገጸ ባሕርያት ዝርዝር። «ሽማግሌ፣ የአካባቢው ሰው» የሚለውን ሰርዢ። በሱ ፈንታ እንዲህ በዪ፦

«እንግዳ። ከሳቢያን የመጣ። ዕድሜው ሃምሳ አራት። አሸዋውን አውቀዋለሁ ይላል።»

ዕዝራ